ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ድረ ገጽ ሥራ መመለስ፦ ከባሕር ዳር የተጻፈ መመሪያ

በ2008 ዓ.ም. ከድረ ገጽ ሥራ ስወጣ ፒኤችፒ 5 (ሰርቨር ላይ የሚሠራ የኮድ ቋንቋ)፣ ማይኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት) እና ጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት አጋዥ) የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ አያጣም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልጄ አሳደግሁ፤ የቤተሰባችንን ሱቅም ይዤ ቆየሁ። በ2016 ዓ.ም. ተመልሼ የድሮ ኮዴን በአዲስ ፒኤችፒ ላይ ስጭነው የመጀመሪያው ገጽ እንኳ አልከፈተም። በዚያው ሰሞን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ አዲስ የተመረቁ ልጆች ስማቸውን እንኳ ያልሰማኋቸውን መሣሪያዎች እየጠሩ ሲነጋገሩ ሰማሁና ጊዜዬ ያለፈ መሰለኝ።

እንደኔ ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «የድሮውን ትተሽ ከሀ ሁ ጀምሪ» የሚል ነው። እኔም ሦስት ወር ሙሉ ይህን ምክር ተከትዬ የጀማሪ ትምህርቶችን ስከልስ ቆየሁ፤ የማውቀውን ሲነግሩኝ ሰለቸኝ፣ የማላውቀው ላይ ሳልደርስም አቆምኩ። መንገዱን ያገኘሁት የራሴን የድሮ ሥራ አውጥቼ ማስነሣት ስጀምር ነው። የሚከተሉት ደረጃዎችም የተመሠረቱት በዚሁ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የሞተውንና ያልሞተውን ይለዩ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል ከእንግዲህ ጊዜ የማያጠፉበትን ይጻፉ። ፍላሽ (ገጽ ላይ እንቅስቃሴና ቪዲዮ የምናሳይበት የነበረው) እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አብቅቶለታል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ስለዚህ ለእርሱ ብቻ ብለን የተማርናቸው የማታለያ ዘዴዎች ሁሉ ይረሱ። ፒኤችፒ 5 የደኅንነት ጥገና ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። በ«ማይኤስኪውኤል_» የሚጀምሩት ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኙ ትእዛዞች ደግሞ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ጨርሶ የሉም፤ የእኔ ገጽ አልከፍት ያለው በዚህ ምክንያት ነበር።

በሌላው በኩል አሁንም የሚሠራውን ይጻፉ። ከሁለት ሠንጠረዦች መረጃ አጣምሮ ማውጣት፣ አሳሹ ሲጠይቅ ሰርቨሩ የሚመልስበት መንገድ፣ ቅጽ ማዘጋጀትና የገባውን መረጃ ማጣራት፣ የመረጃ ቋት ሠንጠረዦችን መንደፍ፣ ደንበኛን ቁጭ አድርጎ የሚፈልገውን ማስነገር ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ይህኛው ዝርዝር ከጠበቁት በላይ ይረዝማል።

ጄኩዌሪን በየትኛው በኩል ይጻፉት? እኔ በመሃል ጽፌዋለሁ። አዲስ ሥራ በእርሱ አይጀምሩ፤ ጃቫስክሪፕት ራሱ አብዛኛውን ተግባር ዛሬ ያለ እርዳታ ይሠራዋል። ነገር ግን በየቢሮውና በየሆቴሉ ያሉ የቆዩ ድረ ገጾች አሁንም በጄኩዌሪ የቆሙ ስለሆኑ የጥገና ሥራ ያስገኝልዎታል። ለዚህ ሥራ ከአዲስ ተመራቂ ይልቅ እርስዎ ይቀርባሉ።

ደረጃ 2፦ ኢንተርኔት ቢጠፋም የማይቆም የሥራ ቦታ ያዘጋጁ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። መብራትም ይሄዳል። በመሥመር ላይ ብቻ የሚሠራ የትምህርት ዕቅድ እዚህ ከተማ ውስጥ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት አንድ ቀን የሚከተሉትን አውርደው ይጨርሱ።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለውን ነጻ የኮድ መጻፊያ፣ የወቅቱን ፒኤችፒ 8፣ የመረጃ ቋቱንና ጊት የተባለውን የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ይጫኑ። የፒኤችፒ መመሪያ ሙሉው ሊወርድ ይችላል። «ዴቭዶክስ» የተባለው ገጽም የጃቫስክሪፕትን፣ የሲኤስኤስን (የገጽ መልክ ማስተካከያ ቋንቋ) እና የሌሎችንም ማብራሪያ አሳሽዎ ውስጥ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ጽሑፍ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በፊት የሠራ ሰው ደግሞ ከሁለት ሰዓት ቪዲዮ ይልቅ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ያገኛል።

ጊትን ካላወቁ ሌላ ሁሉ ይቆይና እርሱን ይማሩ። እኛ በዚያን ጊዜ የፋይሉን ቅጂ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2» እያልን ስናስቀምጥ በየቤቱ የሠራነውን ጊት በሥርዓት ይሠራዋል። ለባሕር ዳር ሰው ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገበው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ ሲመጣ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ጊትሀብ ወደተባለው የመሥመር ላይ ማከማቻ ይልካሉ። እስከዚያው ፍላሽ ዲስክን የጊት ማከማቻ አድርገው መጠባበቂያ ሊይዙበት ይችላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጨመር፣ መመዝገብ፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ ቅርንጫፍ መቀላቀልና ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ከድሮ ሥራዎችዎ አንዱን ያስነሡ

ከድሮ ሥራዎችዎ አንዱን ይምረጡ፤ ትንሹን ግን እውነተኛ ተጠቃሚ የነበረውን። እኔ የመረጥኩት በ2004 ዓ.ም. ለአንዲት የሐይቅ ዳር እንግዳ ማረፊያ የሠራሁትን ነው። ክፍል ማስያዣ ቅጽ፣ የፎቶ ማሳያና የአስተዳዳሪ መግቢያ ነበረው።

ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ እንዳለ ወደ ጊት ያስገቡት። ከዚያ በፒኤችፒ 8 ያስነሡትና የሚመጣውን የመጀመሪያ ስህተት ብቻ ያንብቡ። ያንን ያርሙ፣ ለውጡን ይመዝግቡ፣ ቀጣዩን ይዩ። ሃምሳ ስህተት በአንድ ጊዜ ለማረም አይሞክሩ። እኔ ይህን ለመጨረስ አሥራ አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ እነዚያ ምሽቶች ካለፉት ዓመታት ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ከማንኛውም ትምህርት በላይ አስተምረውኛል።

ገጹ ሲነሣ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ሁሉ ፒዲኦ በተባለው የፒኤችፒ ማገናኛ እንደገና ይጻፉት። ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል በቀጥታ ከጥያቄው ጋር እየቀጠሉ መላክ ለሰርጎ ገብ በር ከፍቶ መተኛት ነው፤ እኛ ግን በዚያን ጊዜ እንዲያ ነበር የምንሠራው። በፒዲኦ ጥያቄው አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ የተጠቃሚው ቃል ለብቻው ይላካል።

ቀጥሎ የይለፍ ቃሎች። የድሮው ሥራዎ ኤምዲ5 በተባለው የድሮ መሰወሪያ ዘዴ ያስቀመጣቸው ከሆነ ዛሬ እንዳልተጠበቁ ይቁጠሯቸው። ኤምዲ5ን ወደ አዲሱ ዘዴ በቀጥታ መለወጥ አይቻልም፤ ዋናው ቃል በእጅዎ የለምና። መፍትሔው ይህ ነው፦ ተጠቃሚው በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ ቃሉን በድሮው ዘዴ ያመሳክሩ፤ ትክክል ከሆነ በዚያችው ቅጽበት «ፓስወርድ_ሀሽ» በተባለው ትእዛዝ አዲስ አድርገው ያስቀምጡና የድሮውን ይሰርዙ። ለረጅም ጊዜ ያልገቡትን ደግሞ አዲስ ቃል እንዲያወጡ ያስገድዱ።

የገጹን አቀማመጥ በሠንጠረዥ ወይም ግራና ቀኝ በማንሳፈፍ ሠርተውት ከሆነ ፍሌክስቦክስና ግሪድ በተባሉት የሲኤስኤስ ዘዴዎች ይተኩት። ግሪድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዋና ዋና አሳሾች ሁሉ ይሠራል። ይህን ክፍል ስሠራ በእውነት ደስ ብሎኛል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሳጥን ገጹ መሃል ላይ ለማቆም ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነገር ዛሬ ሦስት መሥመር ነው።

ደረጃ 4፦ አማርኛውን በትክክል ይሥሩ

ይህ ደረጃ ይረዝማል፤ ገበያው ያለው እዚህ ነውና። በዓለም ላይ ሪአክት የተባለውን የገጽ ፊት መሥሪያ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ጳጉሜን የሚያውቅ ድረ ገጽ ሠሪ ግን ጥቂት ነው።

ከፊደሉ እንጀምር። አሮጌ የመረጃ ቋት ከፍተው አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ካገኙት፣ ግንኙነቱን ወደ ዩቲኤፍ-8 ካደረጉ በኋላም ካልተለወጠ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ ካልሆነ አይመለስም። ባለ ምልክት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ከታየዎት ግን ደስ ይበልዎ፤ ጽሑፉ በአብዛኛው አለ፣ የተነበበው በተሳሳተ የፊደል አመዳደብ (ኢንኮዲንግ) ነው፤ ሊመለስም ይችላል። ማንኛውንም ነገር ከመሞከርዎ በፊት ቅጂ ይያዙ። ከዚያ ሠንጠረዦቹንና ግንኙነቱን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ወደተባለው የማይኤስኪውኤል አመዳደብ፣ ገጹን ደግሞ ወደ ዩቲኤፍ-8 ያምጡ። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት እንደሚይዝም ያስታውሱ፤ በባይት የተለካ ገደብ ያለበት ቦታ ሁሉ አማርኛውን ከመሃል ይቆርጠዋል።

ደንበኛ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊያመጣልዎትም ይችላል። ያ ጽሑፍ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ) አይደለም፤ ከሥሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው፣ ፊደሉን ግዕዝ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። ድረ ገጽ ላይ ከመለጠፉ በፊት በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ከተለወጠ በኋላም ሰው ያንብበው።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ጣና ዳር ያለ ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ዓሣ» ብሎ ይጽፋል። እንግዳው «አሳ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ሌላው «አሣ»። ኮምፒውተሩ አራቱንም የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚያያቸው «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ወጥ ቤቱ ግን በቆሮሶና በአምባዛ ሞልቷል። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ መፍጠር ነው። ጽሑፉ ሲቀመጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ተለውጠው እዚያ ይግቡ። ሃ እና ኣም ወደ ግዕዛቸው ይመለሱ። የሚፈለገው ቃልም በዚያው ወንፊት ይለፍ። ለአንባቢ የሚታየውን ጽሑፍ ግን በፍጹም አይንኩ፤ ጸሐፊው የመረጠው ፊደል የእርሱ ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ በዝርዝር ልንገራችሁ። ለአንድ ሆቴል የጥምቀት ክፍል ማስያዣ ስሠራ ጥር 11ን ሁልጊዜ ከጃንዋሪ 19 ጋር አስሬ ጻፍኩት። በ2016 ዓ.ም. ግን ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ላይ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት 21 ያሉ ቀናት ሁሉ በአንድ ተገፉ። በእንግሊዝኛው ገጽ ያስያዙ እንግዶች ክፍላቸውን ከከተራ አንድ ቀን አስቀድመው አስያዙ፤ በበዓሉ ዕለት ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ሆቴሉ ለእነዚያ እንግዶች ሌላ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ስልክ ላይ ስደውል ያመሸሁበትን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ቀን በእጅ አያስሩ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው «ኢንትል» የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ያውቃል፤ የጎርጎርዮስን ቀን ሰጥተውት በእኛ አቆጣጠር ያሳይልዎታል። የፒኤችፒ «ኢንትል» ቅጥያ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይለውጣል። በመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ያስቀምጡ፤ መለወጡ ሲታይ ብቻ ይሁን። መፈተኛ ቀናትም ያዘጋጁ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ መውጣት አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፤ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024፤ ጥር 11 ቀን 2017 ጃንዋሪ 19 ቀን 2025። አራቱን ያለፈ ኮድ ለደንበኛ ይሰጣል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ለጀልባ ማኅበር የተሠራ አንድ ገጽ የዘጌን ጉዞ በእንግሊዝኛ «2፡00» ብሎ ጽፎ ነበር። ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ደውለው «ልጄ፣ ጀልባዋ በጠዋት 2 ሰዓት ሄደች፤ ፈረንጁ ከቀኑ 8 ሰዓት መጥቶ የት አለች ይለኛል» አሉኝ። የመረጃ ቋቱ ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይያዝ፤ የአማርኛው ገጽ «ጠዋት 2 ሰዓት» ይበል፤ የእንግሊዝኛው ገጽ 8፡00 ይበል፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ፈጽሞ አይለይ።

ፎንትን በተመለከተ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» እና «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» ነጻ ናቸው። በመሥመሮች መካከል ከላቲኑ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ፤ ግዕዝን አያጋድሉ።

ደረጃ 5፦ አንድ አዲስ ነገር ይጨምሩ፤ አንድ ብቻ

የአዳዲስ መሣሪያዎች ዝርዝር ማለቂያ የለውም። ከፒኤችፒ ለመጣ ሰው የእኔ ምርጫ ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ነው፤ የሚያውቁትን ቋንቋ ይዞ ይሄዳል፣ በደረጃ 3 በእጅዎ የሠሯቸውንም ነገሮች በሥርዓት ይሰጥዎታል። የገጽ ፊት ሥራን የሚወዱ ከሆነ ሪአክትን ይያዙ፤ መጀመሪያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጃቫስክሪፕት ላይ የተጨመሩትን ይማሩ፤ አለበለዚያ ሪአክት ግራ ያጋባዎታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ለሦስት ወር አንዱን ይዘው የድሮውን ሥራዎን ሦስተኛ ጊዜ በእርሱ ይሥሩት። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በነጻ የተዘጋጀ ነው፤ ክፍት ሆኖ ካገኙትና የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ቀጣሪ ካለ ይጠቅማል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችን መጠቀም ተገቢ ነው፤ በተለይ የማያስታውሱትን የድሮ ኮድ ለማስረዳት ጎበዞች ናቸው። የሚጽፉልዎትን እያንዳንዱን መሥመር ግን ማስረዳት ካልቻሉ አያስገቡት። የዘመን አቆጣጠር ልወጣ ሲጽፉ ጳጉሜን ላይ ሲሳሳቱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ከላይ ያሉትን አራት ቀናት ይስጧቸው።

ደረጃ 6፦ ሥራ ሲያመለክቱ ክፍተቱን በግልጽ ይናገሩ

«ከ2008 እስከ 2016 ልጆች አሳደግሁ፤ ተመልሼ ይህን ሠራሁ» ይበሉና የጊት መዝገብዎን ያሳዩ። የድሮው ገጽ፣ በፒኤችፒ 8 የተነሣው፣ በላራቬል የተሠራው ሦስቱም በቅደም ተከተል እዚያ ይገኛሉ። ይህን ያየ ጠያቂ ስለ ክፍተቱ ብዙ አይጠይቅም።

አንድ አዲስ ተመራቂም ይወዳጁ። ከፖሊ የወጣ አንድ ወንድም ሪአክትን አስተማረኝ፤ እኔ ደግሞ ከደንበኛ ጋር እንዴት ውል እንደሚጻፍ አሳየሁት። እስከ ዛሬ ኮዳችንን እርስ በርስ እንተያያለን።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ደንበኛ

ትንሽ ይያዙ፦ ጀልባ ማኅበር፣ እንግዳ ማረፊያ፣ የዘጌ ቡና የሚሸጥ ሰው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ። የድረ ገጹ ስም በደንበኛው ስም ይመዝገብ፣ መግቢያ ቃሎቹም በእርሱ እጅ ይሁኑ። በዚህ ከተማ ሠሪው ከተማ ቀይሮ ስሙም ገጹም አብረው የጠፉባቸው ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፤ እርስዎ ይህን እንዳያደርጉባቸው።

እርስዎ ሲወጡ ቴሌብር አልነበረም፤ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅዎታል። ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ በዋጋው ውስጥ ለብቻው ይቁጠሩት። እንግዶች ፓስፖርታቸውን በፎቶ የሚልኩበት ቅጽ ካለ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብቡ፤ ፎቶው በማን ይታያል፣ መቼ ይጠፋል የሚለውን ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው ውሉ ላይ ያስፍሩት። ገጹ ያለ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) አይውጣ፤ የምስክር ወረቀቱ ዛሬ በነጻ ይገኛል።

ገጹን በራስዎ ፈጣን ላፕቶፕ አይመዝኑት። አሳሹ ውስጥ ባለው የሠሪዎች መሣሪያ ኔትወርኩን ዘገምተኛ አድርገው ይክፈቱት፤ ከዚያ በአንድ ርካሽ ስልክ ዓባይ ማዶ ሄደው ይክፈቱት። የድሮው የማረፊያ ገጼ አርባ ፎቶ በሙሉ መጠናቸው ይጭን ነበር። ዌብፒ ወደተባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ለውጬ፣ መጠናቸውን ቀንሼ፣ ከታች ያሉት አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ሳደርግ በስልክ ላይ የመክፈቻው ጊዜ ጨርሶ ሌላ ሆነ።

በርክክቡ ቀን ባለቤቱ አጠገብዎ ተቀምጠው እያዩ የመረጃ ቋቱን መጠባበቂያ ቅጂ በባዶ ኮምፒውተር ላይ ያስነሡት። ክፍሎቹ፣ ዋጋዎቹና የአማርኛ ጽሑፉ ሳይጎድሉ ከወጡ ቀሪውን ክፍያ ይቀበሉ። ካልወጡ ርክክቡን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ።